በቡታጅራ መንገድ ገጠር ለገጠር ልንዞር ነው፤ ከጢያ ድንጋይ ሌላ ምን እንይ?

የልጆች እናት

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የጉራጌን አገር በደንብ የምታውቁ ሰዎች እንድትረዱኝ ነው። በመስቀል ማግስት ባለው ሰሞን እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን ከአዲስ አበባ ተነስተን በቡታጅራ መንገድ ቀስ እያልን ልንወርድ አስበናል። ትልቋ 13፣ ትንሹ 9 ዓመቱ ነው። መኪና አለን። ጊዜም አለን፣ ማንም አያጣድፈንም።

ሰው ስጠይቅ የሚነግረኝ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያም፣ ጢያ፣ ሐረ ሸይጣን ሐይቅ፣ ከዚያ ቡታጅራ ላይ ክትፎ በልቶ መመለስ። እሺ፣ እነሱን እናያለን። እኔ የምፈልገው ግን በመሃል ያለውን ነው። ትንሹ ልጄ ከከተማ በወጣን ቁጥር መስኮቱ ላይ ተለጥፎ "ያ ምንድነው? ያኛውስ?" ማለት አያቆምም፣ እኔ ደግሞ ከልቤ ልመልስለት እፈልጋለሁ። ጣሪያው ጫፍ ላይ ለምን ማሰሮ ይደፋል? አንዱ ኮረብታ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ይዞ ሌላው ለምን ራቁቱን ቀረ? ያ ቢጫ ማሳ ምን ተዘርቶበት ነው?

ደግሞ ከአስፋልቱ ወጣ ብለን በእግራችን መሄድ እንፈልጋለን። መንገዱን በምን እንለየው? የስልኬ ካርታ ከአስፋልቱ ወዲያ ምንም አያሳይም። በሰው ደጅ ማለፍስ ነውር ይሆን? የምታውቁትን ጻፉልኝ። ረጅም ቢሆንም አነባለሁ።

የሶዶ ሰው

እህቴ እንኳን ጠየቅሽ። ያደግኩት ሶዶ ነው፣ ቤተሰቦቼም እስካሁን እዚያው ናቸው። ብዙ ሰው ጢያ ይመጣና ድንጋዩ ሥር ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል፣ ከዚያ ሶዶን አየሁት ይላል። በጣም ነው የሚቆጨኝ።

ከዓለም ገና ጀምሪ። ከተማው አልቆ ሜዳው ሲከፈት በብዛት የምታይው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው። ልጆቹ ከጠየቁሽ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው በያቸው። በአጼ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ስትቸገር ገባና አገሩን ሞላው። አሁን ለገበሬው እንደ ባንክ ደብተር ነው። ልጅ ሲዳር፣ ቤት ሲሠራ፣ ሰው ሲታመም ይቆረጣል። ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። መኪናችሁን አቁማችሁ ጠጋ በሉና እዩት። ከአንድ ወፍራም ጉቶ ላይ ሦስት አራት ቀጫጭን ግንድ ተነስቶ ካያችሁ ያ ዛፍ ከዚህ በፊት ተሽጧል ማለት ነው፣ ያ ቤት አንድ ጉዳይ ተወጥቶበታል።

ስለ ኮረብታው ላልሽው፣ ራቅ ብሎ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ደን በክብ ተሰብስቦ ካየሽ መሃሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጽድ ነው፣ ወይራ ነው፣ ቦታ ቦታ ዝግባም አለ። የደብር ዛፍ አይቆረጥም። ስለዚህ ዙሪያው ሁሉ ታርሶ እሱ ብቻ ቀረ። ድሮ ይሄ አገር ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ የፈለገ ሰው እዚያ ግቢ ገብቶ ትንሽ ይቀመጥ፣ አየሩ ራሱ ሌላ ነው። ወደ መስቃንና ወደ ስልጤ ስትጠጉ ደግሞ የመስጊድ ሚናራ እየበዛ ይመጣል። ብዙ ቦታ ሁለቱንም ከአንድ ኮረብታ ላይ ቆማችሁ ታያላችሁ። እኛ ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ አቅጣጫ የምንይዘው በእነሱ ነበር።

ማሰሮው ጉልላት ይባላል። የሣር ክዳኑ ከዙሪያው ሁሉ ወጥቶ ጫፉ ላይ ነው የሚገናኘው፣ ዝናብ የሚገባውም እዚያ ጋ ነው። ስለዚህ የሸክላ ማሰሮ ይደፋበታል። ለወጥም ለጠላም የማይሆን ያረጀ ማሰሮ ይበቃል። ቢጫው ማሳ በዚያ ሰሞን ኑግ ሊሆን ይችላል፣ ጎመን ዘርም ሊሆን ይችላል። ሳይዘራ ድንበሩንና ገደሉን ይዞ የበቀለው ግን አደይ አበባ ነው። ልዩነቱ ቀላል ነው፣ ሰው የዘራው ማሳውን ሞልቶ ይቆማል፣ አደይ ዳር ዳሩን ይይዛል።

መልካ ቁንጡሬ ስትደርሱ ሙዚየሙን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ድልድዩ አጠገብ ውረዱና አዋሽን እዩት። ይሄ ወንዝ ባሕር አይገባም፣ አፋር ድረስ ሄዶ አቤ ሐይቅ ላይ ነው የሚያልቀው። አካባቢው ላይ መሬቱ በጥቁር የሚያብረቀርቅ ስባሪ የተሞላ ነው፣ ባልጩት ነው። የጥንት ሰው ጠርቦ ስለት ያወጣለት ነበር። እዚያ ቦታ ላይ የሰው ልጅ ዱካ ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ይደርሳል፣ ዩኔስኮም መልካ ቁንጡሬንና ባልጪትን በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ልጆቹ ማንሳት ያምራቸዋል። አይተው፣ አገላብጠው፣ እዚያው ቦታው ላይ ይመልሱት። ኪስ ውስጥ ከገባ ቅርሱ ተበተነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጢያ። ግቢው ውስጥ 36 ድንጋዮች አሉ፣ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፣ ረጅሙ 5 ሜትር ይደርሳል። ሰይፍ ታያላችሁ፣ ክብ ክብ ምልክት ታያላችሁ፣ ቅርንጫፍ የመሰለ ነገርም አለ። በቁፋሮ መቃብር መሆኑ ተረጋግጧል። አስጎብኚው ይነግራችኋል፣ እኔ አልደግመውም። እኔ የምለው ሌላ ነው። እንዲህ ዓይነት ቦታ በሶዶ ውስጥ ወደ 160 ይጠጋል፣ ጢያ ከነዚያ አንዱ ነው። ስለዚህ ከአጥሩ ከወጣችሁም በኋላ ዓይናችሁን ማሳው ላይ ጣሉ። ጤፉ መሃል ብቻውን የቆመ ድንጋይ ታገኛላችሁ። ማንም አላጠረውም፣ ሰሌዳ የለው፣ ትኬት የለው። ገበሬው ግን በሬዎቹን ዙሪያውን አዙሮ ነው የሚያርሰው። አንዲት ክንድ የምታህል መሬት ሳትታረስ ሣር አብቅላ ዙሪያውን ትቀራለች። ያቺን ሣር ለልጆቹ አሳዪልኝ። አዛውንቶቹ የግራኝ ድንጋይ ይሉታል።

ስለ አቅጣጫ አትስጊ። ወደ ደቡብ እየወረዳችሁ ከሆነ የጉራጌ ተራሮች በቀኛችሁ ናቸው። ሰማዩ ጥርት ካለ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ዝቋላ ብቻውን ተነጥሎ ቆሞ ታዩታላችሁ። እነዚህን ሁለቱን የያዘ ሰው እዚያ አገር አይጠፋም።

የቸሃ ልጅ

የሶዶው ወንድማችን ያለው ሁሉ እውነት ነው፣ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ቡታጅራ ደርሶ መመለስ መንገዱን ግማሽ ላይ ማቋረጥ ነው። ጊዜ አለን ካላችሁ ከቡታጅራ በወራቤ አድርጋችሁ ሆሳዕና ውረዱና በእምድብርና በወልቂጤ በኩል ተመለሱ። እንዲያ ካደረጋችሁ ጀፎረን ታያላችሁ። እኔን ብትጠይቂኝ ከጢያም፣ ከሐይቁም፣ ከሁሉም በላይ ማየት ያለባችሁ እሱን ነው።

ጀፎረ የመንደሩ አውራ መንገድ ነው። መንገድ ብቻ ብዬ ማለፍ ግን ይከብደኛል። በጣም ሰፊ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ሣር ለብሷል፣ ከብትና በግ ስለሚግጠው ሁሌም እንደተከረከመ ነው። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ሁሉም ፊታቸውን ወደሱ ያዞራሉ። ለቅሶ ሲኖር ሰው የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ሰርግ እዚያ ነው፣ የመስቀል ደመራ እዚያ ይለኮሳል፣ ፈረስ እዚያ ይጋለባል፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት፣ ሽማግሌ የተጣላ የሚያስታርቀው እዚያው ነው። የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። አጥሩን አንድ እርምጃ ወደ ጀፎረ የገፋ ሰው ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ ይቀጣል፣ አጥሩንም ይመልሳል። መሬት እንዲህ በጠበበበት፣ ልጅ እርሻ አጥቶ ወደ ከተማ በሚሰደድበት አገር፣ ይሄን የሚያህል ለም መሬት ሳይታረስ ለጋራ ተትቶ የኖረው በሰው ስምምነት ብቻ ነው። ማንም ዘበኛ አልቆመለትም። በየጆካ፣ በጉራጌ ባህላዊ የሽማግሌ ዳኝነት ሥርዓት የተዳኘ ሕዝብ ነው፣ ቃል ቃል ነው። ስለዚህ ነገር ባወራሁ ቁጥር ኩራት ይሰማኛል፣ አልደብቅም።

የመንደሩን አቀማመጥ አንዴ ከያዛችሁ የትም ብትገቡ የት እንዳላችሁ ታውቃላችሁ። ፊት ለፊት ጀፎረ። ቀጥሎ ቤቱ። ከቤቱ ጀርባ እንሰት። ከእንሰቱ ጀርባ የእህሉ እርሻ፣ ጫት ወይ ቡና ያለውም አለ። መጨረሻ ላይ ባሕር ዛፉ። ስለዚህ በእግር እየሄዳችሁ ባሕር ዛፍ ውስጥ ከገባችሁ የአንድ ሰው ጓሮ ጫፍ ላይ ናችሁ፣ እንሰት ውስጥ ከገባችሁ ደግሞ ቤቱ ሃያ እርምጃ አይቀረውም፣ ውሻም አለ፣ ድምፅ አሰሙ። ጀፎረው ላይ ግን እንደልባችሁ ሂዱ፣ የሁሉም ደጅ ነው። ነውር የሚሆነው ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነው።

ሣሩ መሃል ሰው የረገጣት ቀጭን መስመር ታያላችሁ። አንዳንዴ ሁለት ሦስት ትሆናለች። አፈሩ እስኪታይ የተላጠችው ወደ ገበያ ነው የምትሄደው። ቁልቁል ታጥፋ ርጥብ የሆነችው ወደ ምንጭ ነች። ከአንድ ቤት በር ወደ ሌላ ቤት በር በሰያፍ የምትሄደው ጎረቤት ቡና የሚጠራራባት ናት። እነዚህን ማንበብ የቻለ ልጅ ካርታ አያስፈልገውም።

ሹፌሩ

እኔ በዚያ መስመር መኪና ነው የምነዳው። ከአስፋልት ወጥቶ የመሄድ ነገር ላይ ትንሽ ልበል።

ገጠር ውስጥ ሰሌዳ አትፈልጊ። ጆሮሽን ተጠቀሚ። ቱክ ቱክ የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ከሰማሽ ወፍጮ ቤት አለ። ወፍጮ ካለ ሱቅ አለ፣ ጥላ አለ፣ ወረፋ የሚጠብቁ እናቶች አሉ። ከነሱ የተሻለ መንገድ የሚያውቅ የለም፣ ከየመንደሩ ነው የሚመጡት። ባንዲራ ከሩቅ ካየሽ ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ነው፣ መኪና አቁሞ በእግር ለመሄድ ከሁሉ የሚሻለው እዚያ ነው። ጥበቃውን አናግሩት። ቢጫ ጀሪካን በተራ ተደርድሮ ካያችሁ የቦኖ ውሃ ነው። ባለቤቶቹ ባይኖሩም ጀሪካኑ ወረፋ ይጠብቃል፣ ልጆቹ እንዳያንቀሳቅሱት።

ሰው ስትጠይቂ በኪሎሜትር አትጠይቂ። "ምን ያህል ያስኬዳል?" በይ። ሲመልስልሽ ደግሞ ልጆቹን አሳይተሽ "ለነዚህስ?" በይው። ለሱ ግማሽ ሰዓት የሆነ ዳገት ለከተማ ልጅ ከሰዓት በላይ ነው። "ቅርብ ነው፣ እዚህች ጋ ነው" ካለሽ ሰውየው አልዋሸሽም፣ ሊያበረታታሽ ነው። ስለዚህ ምልክት ጠይቂው። "ምን ስደርስ ነው የምታጠፈው?" ስትይው ያኔ ጥርት አድርጎ ይነግርሻል፣ ዋርካውን ስታልፊ፣ ወንዟን ስትሻገሪ፣ የተቃጠለው ወፍጮ የነበረበት ጋ እያለ። አንዳንዱ ምልክት ዛሬ የሌለ ነገር ነው፣ ዛፉ ከተቆረጠ ቆይቶም ቦታው በሱ ይጠራል። እንዲያ ሲሆን ወደፊት ሄደሽ ሌላ ሰው ድገሚ።

እና ሰላምታ ይቅደም። መስኮት አውርዶ "ጢያ በየት ነው?" ብሎ መጮህ የለም። መኪናውን አቁሞ፣ ወርዶ፣ እንደምን ዋላችሁ ብሎ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቆ፣ ከዚያ ነው ስለ መንገድ። ይሄን ያደረገ ሰው ብዙ ጊዜ ሸኚ ልጅ ይታዘዝለታል።

በዚያ ሰሞን ከሰዓት ላይ ዝናብ ሊኖር ይችላል። ወንዝ ተሻግራችሁ ከሄዳችሁ የላይኛውን ሰማይ እያያችሁ። እናንተ ያላችሁበት ሳይዘንብ ተራራው ላይ ዘንቦ ጎርፉ ይደርሳል። ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ መሸከም ከጀመረ ወደ ውሃው አትጠጉ፣ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፣ ይጎድላል።

መንገድ ወዳድ

ወፎቹን ማንም አላነሳም። ጀፎረው ላይ ረጅም ወደታች የታጠፈ አፍ ያላቸው ጠቆር ያሉ ትልልቅ ወፎች ሣሩን እየወጉ ሲሄዱ ታያላችሁ፣ ጋጋኖ ናቸው። ሲነሱ በአንድነት ይጮሃሉ፣ መንደሩን ይቀሰቅሱታል። ይሄኛው አንገቱ ላይ ሥጋ የተንጠለጠለበት ዓይነት ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ሌላ የትም የለም። ማጉሊያ መነጽር ካላችሁ ለልጆቹ ያዙላቸው። አፉ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ቁራም አለ፣ ቆሻሻ መጣያ አካባቢ ስለምናየው ንቀነዋል እንጂ የኛው ምድር ወፍ ነው።

የልጆች እናት

እናንተ ሰዎች አምላክ ያክብራችሁ። ባለቤቴም አነበበው፣ የወልቂጤውን ዙር ለመሄድ ወስነናል።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ እንሰቱን ቀርበን ማየት እንችላለን? ትልቋ ልጄ ቆጮ ትወዳለች፣ ግን ከምን እንደሚሠራ አይታ አታውቅም። ሁለተኛ፣ አንድ ጓደኛዬ "አሁንማ ሁሉም ቆርቆሮ ሆኗል፣ ድሮ የነበረው ውበት ጠፍቷል፣ ደክማችሁ ነው" አለችኝ። እውነት ነው?

የቸሃ ልጅ

ስለ ቆርቆሮው መጀመሪያ ልመልስ፣ ምክንያቱም ከከተማ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይሄን ሲል እሰማለሁና ያናድደኛል።

የሣር ጎጆ ውብ ነው፣ ማንም አይክደውም። የኛ አገር ቤት መሃሉ ላይ ምሰሶ ቆሞ ጣሪያው በሙሉ በሱ ላይ ተሸክሞ፣ ማገሩ በጥብጣብና በገመድ ብቻ ታስሮ፣ ከውስጥ ቀና ስትይ በጢስ ጠቁሮ እንደ ቀለም የሚያበራ ሥራ ነው። ግን ሣሩ ከየት ይምጣ? የክዳን ሣር የሚታጨድበት መስክ ታርሷል። ያለውም ውድ ነው። ክዳኑ ደግሞ በየጊዜው ይታደሳል፣ ለማደስ የሚያውቅ ሰው፣ ደቦ፣ ድግስ ይፈልጋል። እሳት ቢነሳ በደቂቃ ያልቃል። እናቴ ቤቷ ቆርቆሮ ሲሆን ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ አግኝታ አደረች። እሷን "ውበቱን አጠፋሽው" የሚላት ሰው መጥቶ ከሚያፈስ ጣሪያ ሥር አንድ ሐምሌ ይደር።

ይልቅስ ልጆቹ ቆርቆሮውን ማንበብ ይማሩ። አዲስ የሚያብረቀርቅ ጣሪያ፣ ቀለም የተቀባ በርና መስኮት ካያችሁ ያ ቤት ብዙ ጊዜ መርካቶ ውስጥ ልጅ አለው፣ ወይ ውጭ አገር። ጎኑ ላይ ደግሞ ክቡ ጎጆ እንዳለ ታገኙታላችሁ፣ አላፈረሱትም። ከብቱ የሚያድረው፣ ምድጃው ያለው፣ ቅቤው የሚቀመጠው እዚያ ነው። ጣሪያ ላይ አንዲት ትንሽ የሶላር ሰሌዳ ካለች ማታ ልጆች ያጠናሉ ማለት ነው። ለኔ ይሄም አገር ነው። እንዳውም የሚያሰጋኝ ቆርቆሮው አይደለም፣ የእንሰቱ ቦታ በጫትና በባሕር ዛፍ እየተያዘ መምጣቱ ነው። ጫት ቶሎ ብር ያመጣል፣ አውቃለሁ፣ ግን ድርቅ ሲመጣ ሰው የሚበላው እንሰትን ነው።

ወደ እንሰቱ ልምጣ። አዎ ማየት ትችላላችሁ፣ ቤቱ ያለችውን እናት አስፈቅዱ፣ ደስ ይላቸዋል። ሙዝ ይመስላል፣ ግን ፍሬው አይበላም፣ የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው። አንድ እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፣ በመሃል ከአንዱ ቦታ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከላል፣ ያውም ከአንድ ጊዜ በላይ። ለዚህ ነው ጓሮው ውስጥ በዕድሜ የተሰለፈው። እዚህ ጋ ጉልበት የሚደርሱ፣ ቀጥሎ የሰው ቁመት፣ ከዚያ ጣሪያ የሚያልፉት። ልጃችሁ ሰልፉን አይታ የዘንድሮውንና ከዓመታት በኋላ የሚበላውን መለየት ትችላለች። ወንዱ ይተክላል፣ ፍቆ ምግብ የሚያደርገው ግን የሴቶች ሥራ ነው።

ሲፍቁ ከደረሳችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ሳንቃ ዘመም ብሎ ይተከላል። ከግንዱ የተላጠውን ንጣፍ ሳንቃው ላይ ያስደግፉና በአንድ እግር ጫፉን ረግጠው ይይዙታል። ከዚያ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደታች ይፍቁታል። ነጩ ሥጋ ይወርዳል፣ እጃቸው ላይ የሚቀረው ቃጫው ነው። ቃጫው ታጥቦ ይደርቃል፣ ገመድ ይሆናል፣ ለገበያም ይወጣል። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ገብቶ ይቦካል፣ እሱ ነው ቆጮ የሚሆነው። ሲጨመቅ የወረደው ውሃ ሲረጋ ታች የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። ምንም የሚጣል ነገር የለም፣ ቅጠሉ ራሱ ሰሃን ነው፣ ጃንጥላ ነው፣ የዳቦ መጋገሪያ ነው። ሽታው ለለመደው ሰው የቤት ሽታ ነው፣ ልጆቹ አፍንጫቸውን እንዳይዙ ግን ቀድማችሁ ንገሯቸው። ሰው እያየ ነው።

ከሜሪላንድ

ልጆቼ፣ ይሄን ጽሑፍ ሌሊት ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እኔ የጉመር ሰው ነኝ። ብርድ ነው አገሬ፣ ገብስና እንሰት ነው። ከወጣሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ።

እመቤቴ፣ ከመስቀል በኋላ ከምትሄጂ ለምን በመስቀል አትሄጂም? በመስቀል የወጣ ሁሉ ይመለሳል። ሊስትሮ የሠራውም፣ ፎቅ ያቆመውም እኩል ጀፎረ ላይ ይቆማል። ቤቱ በአዲስ ተለስኖ፣ ደጁ ተጠርጎ፣ እንጨት ተፈልጦ ነው የሚጠብቅሽ። እኛ ልጆች ሆነን ከብት ይዘን ስንመለስ ቤታችንን የምንለየው በጢሱ ነበር፣ ከሣሩ ክዳን ውስጥ እየተነነ ሲወጣ። እናቴ እንጨት የምታነደው ወይራ ስለሆነ ሽታውም ይለያል። አሁን ልጆቼን ወስጄ ሳሳያቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ለምን አጥር የለም ብለው ነው። ፊት ለፊቱ ክፍት ነው፣ ሰው ሁሉ ይገባል።

የልጆች እናት

ጋሼ፣ እግዜር ያክብርዎት። በመስቀል መንገዱ ይጨናነቃል፣ ማደሪያም አይገኝም ብለውኝ ነው የፈራሁት። እስቲ ከባለቤቴ ጋር እንመክርበታለን።

ሹፌሩ

ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ እሷም የፈራችው ልክ ነው። ከበዓሉ ቀደም ብሎ ያሉት ቀናት መንገዱ አውቶብስ በአውቶብስ ነው፣ አሽከርካሪው ሁሉ ይጣደፋል። ዘመድ ቤት ለሌለው ሰው ማደሪያ ማግኘት ይከብዳል። ልጆች ይዛችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በዓሉ ካለፈ በኋላ ሂዱ፣ ሰዉ ገና አልተበተነም፣ መንገዱ ግን ይለቃል። በሶዶ በኩል ደግሞ ከመስቀል በኋላ አዳብና አለ፣ ወጣቶቹ ለብሰው አጊጠው ወጥተው የሚጨፍሩበት፣ ከደረሳችሁበት ቆማችሁ እዩ።

የሶዶ ሰው

አዳብናን እኔ ነበር ማንሳት የነበረብኝ፣ ቀደመኝ። ሌላ አንድ ልጨምር። ቡታጅራ ከደረሳችሁ በምሥራቅ በኩል ማረቆ ነው፣ የበርበሬ አገር። ጉዟችሁ ወደ ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ከተገፋ ደጁ ሁሉ ቀይ ነው። የተለቀመው በርበሬ መሬት ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ሴቶቹ እያገላበጡ የጠቆረውንና የነጣውን ይለያሉ። አጠገቡ ስትቆሙ ጉሮሮ ይይዛል። ከዚያ ማዶ ወደ ሃላባ የሚሻገር ሰው ደግሞ ረጅም ሾጣጣ የሣር ባርኔጣ ያደረጉ ገበሬዎች መንገድ ላይ ያገኛል፣ ግድግዳው በቀለም የተሳለ ጎጆም እዚያ ነው ያለው። ይሄ ግን ሌላ ጉዞ ነው፣ ከወልቂጤው ዙር ጋር አታጣብቁት።

ፎቶ በተመለከተ ስላልጠየቅሽ ልንገርሽ። መልክዓ ምድሩን እንደፈለጋችሁ አንሱ። ሰው፣ ለቅሶ፣ ምንጭ ላይ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች፣ የሰው ከብት ግን ሳይጠየቅ አይነሳም። ለልጆች ከረሜላና ብር መበተንም ይቅር። ከእናንተ ቀጥሎ የሚመጣውን መንገደኛ እያሯሯጡ እንዲለምኑ ነው የምታስተምሯቸው።

የቸሃ ልጅ

እህቴ የመጨረሻ ምክሬን ልስጥሽ። ከሆሳዕና ተነስታችሁ እምድብር ከመድረሳችሁ በፊትም ሆነ ከእምድብር ወደ አገና በሚወስደው በኩል ሰፊ ጀፎረ ከመንገዱ ላይ ሆናችሁ ይታያችኋል። አንዱን ምረጡ። መኪናውን ጀፎረው ላይ አትንዱት፣ ሣሩን ይጎዳል፣ ሰዉም ቅር ይለዋል፣ ዳር አቁሙ። ጠዋት ከብቱ ሲወጣ ወይም ወደ አስር ሰዓት ሲመለስ ቢሆን ጥሩ ነው። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በእግራችሁ ሂዱ፣ ያገኛችሁትን ሰው ሁሉ ሰላም በሉ። ግቡ መባላችሁ አይቀርም። ሲሏችሁ አንዴ ማመንታት ደንብ ነው፣ ሁለተኛ ሲሏችሁ ግቡ። ባዶ እጅ እንዳትገቡ መኪናው ውስጥ ቡናና ስኳር በኪሎ በኪሎ አስቋጥራችሁ ያዙ፣ ብር ከመስጠት እሱ ይሻላል።